ከቅበላ የተረፈ

ቲቸር አዛለች ሞተው የተገኙት በገዛ ጓዳቸው፣ ለአንድ ሰው በቀረበ ገበታ አጠገብ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሐመልማል ጠዋት ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው ቢያንኳኩ መልስ አጡ፤ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ። ቲቸር ከበርጩማቸው ወድቀው በጎናቸው ተጋድመዋል። የሳህናቸው ምግብ እስከ ግማሽ ተበልቷል። ከጓዳው ጀርባ ደግሞ አራት ዶሮዎች እግራቸውን ዘርግተው ሞተዋል።

ምክትል ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ለሥራ ሄዳ ካደረችበት ከአረካ ከተማ ወደ ሶዶ ስትመለስ፣ ሬሳው ሆስፒታል ሄዶ ተጠርጣሪዋ ታስራ ደረሰች። አዛዡ ኮማንደር ዳልጮ ነገር ሲንዛዛ አይወዱም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የነገራቸው ሰው ያለም አይመስልም።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አሏት። «ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። ዓመለወርቅ የምትባል ጎረቤታቸው ቅዳሜ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝታለች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አይብ ሰጥታቸዋለች። ዶሮዎቻቸው ጓሮዋን እየጫሩባት ተጣልተውም ነበር። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ጌታዬ፣ የተጣላ ሰው አይብ ይሰጣል?»

«የቅበላ ማግስት አይደል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያመጣላቸው ነው የዋለው። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን። ናሙናው ከአዲስ አበባ እስኪመለስ ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ እዚያው ትቆያለች።»

ዓመለወርቅ የአራት ወር ሕፃን ታጠባለች። ጥሩነሽ በኮሪደሩ ስታልፍ ወይዘሮ ሐመልማል ልጁን አቅፈው፣ እናቱ ጋ እስኪያስገቧቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየች። ሕፃኑ ጣቱን እየጠባ ነበር። ወር የተባለው ለእሱ ስንት እንደሆነ የጠየቀለት የለም።

እዚህ ላይ ስለ ቲቸር አዛለች ጥቂት ማወቅ ያሻል። ሠላሳ ዓመት የቤት ሙያ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ፕሮቴስታንት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ነበሩ። ምግብ ሲጣል ማየት አይችሉም። የጎመን አገዳ ልጠው ይቀቅላሉ፣ በአጓት ዳቦ ያቦካሉ፣ የደረቀ እንጀራ ሰብስበው ድርቆሽ ያደርጋሉ። ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶቻቸው ቅበላ ዕለት በልተው ያልጨረሱትን ቅቤ፣ አይብና ሥጋ ሃምሳ አምስት ቀን ላይነኩት ከሚያበላሹት፣ ሰኞ በማለዳ ለማይጾሙት ለቲቸር ይወስዱላቸዋል። ይህ ሃያ ዓመት የኖረ ልማድ ነው። እሳቸውም ዕቃውን ባዶ መልሰው አያውቁም። በአገሩ ወግ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ትንሽም ብትሆን የሆነች ነገር ተጨምራበት ነው።

ጥሩነሽ ጓዳውን ብቻዋን ፈተሸች። ኮማንደሩ «ጓዳ ውስጥ ምን ይታያል?» ብለው ነበር። እሷ ግን ሁሉም ነገር እዚያ እንዳለ ታውቃለች።

መስኮቱ ሥር ሦስት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ እንደ ተማሪ ደብተር ፕላስተር ተለጥፎባቸው ስም ተጽፎባቸዋል። የሐመልማል ሳህን በሶ ተሞልቷል። የአቶ ክብረት ድስት ውስጥ የተቆላ ሽምብራ አለ። የዓመለወርቅ ጎድጓዳ ሳህን ደግሞ ተፈጭቶ የተዘጋጀ የአጥሚት እህል ይዟል። ሦስቱም የጾም ናቸው። ተጣሉ የተባሉት ሴት ለምታጠባዋ ጎረቤታቸው አጥሚት አስበው ነበር።

አይቡ አልተበላም። በነጭ ጨርቅ እንደታሰረ ከምሰሶው ተንጠልጥሎ አጓቱ ወደ ጎድጓዳ ሳህን ይንጠባጠባል። ግራጫ ድመት አጓቱን ትልሳለች፤ ጢሟ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ጥሩነሽን ስታይ መጥታ እግሯን ታከከች።

«አንቺ በሕይወት አለሽ እንግዲህ» አለቻት ጥሩነሽ።

ሳህኑ ላይ የቀረው ፎሰሴ ነው፤ በወላይታ ቤት ሁሉ የሚታወቀው፣ ጎመን ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተድቦልቡሎ የሚበስለው። ምድጃው አጠገብ ወንፊት ተደፍቷል። ስትገለብጠው ከዱቄቱ የቀረ ትንሽ ግርድ ታየ፤ የቀረው ከጓዳው ጀርባ፣ ዶሮዎቹ በሞቱበት ተበትኗል። ግርዱን ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው። ከቅርፊቶቹ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ የጥፍር ቀለም የመሰለ ቅላት ይታያል። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

መደርደሪያው ላይ አንድ ባለሁለት ደርብ ምሳ ዕቃ ነበር፤ ይህም ፕላስተር ተለጥፎበት «ኤልሳዕ» ይላል። የታችኛው ደርብ በቅቤ የራሰ ፎሰሴ ተሞልቶ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ተቀምጦበታል። ቲቸር ለራሳቸው ያደረጉት ግን አንድ ነበር። የላይኛው ደርብ ባዶ ነው፤ አልታጠበም።

ወይዘሮ ሐመልማል ሲናገሩ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ንግግራቸው ግን አይቋረጥም።

«ሰኞ ቅቤ ይዤላት ስገባ ፊቷ በርቶ ነበር። እሁድ እንኳ ‹ዱቄቴ አልቋል፣ ይሄን ሁሉ ጎመን በምን ልሥራው› ብላ ስታማርር ነበር። ሰኞ ግን እየዘመረች ነው ያገኘኋት። ‹ሐመልማል፣ ዛሬ እኮ ልጄ አመጣልኝ› አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ልጅ የላትማ። እርጅናው መጣ ብዬ ደነገጥኩ። ሰው ብቻውን ሲኖር ያልነበረውን ያያል ይባላል።» ወደ እሷ ጠጋ ብለው ቀጠሉ። «ላንቺ ልንገርሽ የኔ እመቤት። ትርፍራፊው ለእሷ ሰበብ ነው። ጡረታዋ ለአንድ ሆድ መቼ አነሳት? በሯን የሚያንኳኳ ሰው ነው የምትፈልገው። እኛም እናውቃለን። ግን ዕቃውን እንሰጥና ‹ሥራ አለብኝ› ብለን እንሮጣለን።»

አቶ ክብረት ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሁሉ ነገር የሚያበሳጫቸው ሰው ናቸው። በቲቸር ግቢ ካለው ቧንቧ ውሃ ይቀዳሉ።

«ክትፎ ነው የሰጠኋት፤ ከእኔ የተረፈ። ብቻዬን ነኝ፣ ሩብ ኪሎ እንኳ አልጨርስም» አሉ። «ስለ መርዝ አላውቅም። ስለ ውሃው ግን ይጻፍልኝ።»

«ስለ የትኛው ውሃ፣ ጋሼ?»

«ሰርቪሷን የተከራየው ልጅ፣ ኤልሳዕ። ሐሙስ ዕለት ቧንቧውን ግማሽ ቀን ያዘብኝ! ሳፋ ይሞላል ይደፋል፣ ይሞላል ይደፋል። ቦዩ እንሶስላ የተዘፈዘፈበት መስሎ ቀላ። ቀለም የሚለቅ ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይጠራል? ሚስት የሌለው ሰው ነገር!»

ኤልሳዕ ከቢጠና የመጣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ ሶዶ ውስጥ በአንድ ነጋዴ የዘር መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ይሠራል። ቲቸር ሁለት ዓመት ሙሉ ራቱን በዚያ ምሳ ዕቃ ሲሰጡት ኖረዋል። ጥሩነሽ ስታናግረው ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው። በቤቱ ሁሉም አልቅሷልና ይህ ብቻውን ምንም አይነግርም።

«ሰኞ መቼ አየሃቸው?»

«ጠዋት። ሥራ ስሄድ ምሳ ዕቃውን መለስኩ። ከዚያ አልመጣሁም። ማታ ጓደኛዬ ጋ ነው ያደርኩት።»

«ምሳ ዕቃውን ስትመልስ ምን ነበረበት?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱ ግን ዘገየ።

«ባዶውን ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁልጊዜም ባዶውን ነው የምመልሰው።»

ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ጥሩነሽ የዋሸ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ይህ ግን ድንጋጤ ብቻ አልነበረም። የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት።

ያስታወሰችው ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ነው። ጥሩነሽ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። አንድ ጥቅል ጎመን ገዝታ ግማሹ ይጠወልግባታል፤ ዳቦ ትገዛለች፣ ይደርቅባታል። ለአንድ ሰው ልክ የሚሆን ነገር ገበያ ላይ የለም። የማንም እግር ደጇን ሳይረግጥ ሳምንት ያልፋል፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የምትነግረውም ሰው የለም። መደርደሪያዋ ላይ አበባ የተሳለበት ሳህን ተቀምጧል። ያከራዩዋት ሴት፣ እትዬ ቦሼ፣ ለገና ምግብ የላኩላት በዚህ ሳህን ነው። አርባ ቀን ሊሞላው ነው፤ አልመለሰችውም። ባዶውን ልትመልሰው አፈረች፤ የምትሞላበት አጣች። ይኸው ከዚያ ወዲህ እትዬ ቦሼን ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

ሳህኑን እያየች ቆመች። የልጁ ፊት ላይ ያየችው ይህን ነው፤ ሀፍረቱን። ባዶውን መመለስ የማያሳፍረው ሰው ስለ ምሳ ዕቃ ሲጠየቅ ባልቀላ። ደግሞስ ሁልጊዜም ባዶውን የሚመልስ ሰው ለመልሱ ያን ያህል ለምን ይዘገያል?

ረቡዕ በማለዳ ወደ ዘር መጋዘኑ ሄደች። የበቆሎ ዘሩ ተባይ እንዳይበላው በመድኃኒት ተለውሶ፣ ማንም ለምግብ እንዳይወስደው ወደ ቀይ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ኃላፊውን ስለ ሰኞ ጠየቀችው።

«ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ገበሬ መጣ» አላት። «ጎረቤቱ የተረፈውን ዘር አጥቦ ለቤተሰቡ ቀቅሎ ሁሉም ሐኪም ቤት ገቡ ብሎ አወራን። ሰው ይህን ያህል እየተነገረው አይሰማም። ኤልሳዕ ይሰማ ነበርና አካፋውን ጥሎ ሮጠ። ሆዴን አመመኝ ብሎ ነው አሉ።»

የቲቸር ቀብር ረቡዕ በስድስት ሰዓት ተፈጸመ። ለቅሶ ደራሹ ከድንኳኑ ሲበታተን፣ ጥሩነሽ አራቱን ሰዎች ወደ ሳሎን አስገባቻቸው። ዓመለወርቅ ከጣቢያ መጥታ ልጇን ታቅፋለች፤ ሐመልማል አጠገቧ ተቀምጠዋል። አቶ ክብረት በምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈዋል። ኤልሳዕ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኮማንደር ዳልጮ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ፍርድ ቤቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤት ያመጣው ንፍሮና ቆጮ ጥግ ላይ ተከምሮ ነበር። የሚተርፈው ብዙ ነው፤ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቁት ሴትዮ ግን አሁን ተቀብረዋል።

«ከአይቡ እንጀምር» አለች ጥሩነሽ። «እንደታሰረ ተንጠልጥሏል፤ ቲቸር አልቀመሱትም። ድመቷ ግን አጓቱን ስትልስ አድራ ይኸው አለች። አይቡ ንጹሕ ነው።»

ዓመለወርቅ ሕፃኑን ጠበቅ አደረገች።

«ዶሮዎቹ ግን ሞተዋል» አሉ ኮማንደሩ።

«አዎ ጌታዬ። ዶሮዎቹ የበሉት ከወንፊት የቀረውን የበቆሎ ግርድ ነው። ቲቸርም የበሉት በዚያው ዱቄት የተሠራ ፎሰሴ ነው። እንግዲህ መርዙ ዱቄቱ ውስጥ ነበር። እሁድ ዱቄታቸው አልቆ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ተገኘ። ማን አመጣው? ቅቤ የእትዬ ሐመልማል ነው፣ ሥጋ የጋሼ ክብረት፣ አይብ የዓመለወርቅ። ሦስቱ ዕቃዎች መስኮቱ ሥር ናቸው። ዱቄት የመጣበት የጎረቤት ዕቃ የለም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?» አሉ አቶ ክብረት።

«እኛ የፈለግነው የሰው ዕቃ ነው፣ ጋሼ። ዱቄቱ የመጣው በራሳቸው ዕቃ ነው።» ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የላይኛውን ደርብ ክዳን ገልብጣ በጥፍሯ ጠርዙን ጫረች። ነጭ ብናኝ ከሥሩ ባነጠፈችው ወረቀት ላይ ወደቀ። «ይህ በየቀኑ ምግብ ይዞ ወጥቶ ባዶውን የሚመለስ ዕቃ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ባዶውን አልተመለሰም። እትዬ ሐመልማል፣ ቲቸር ምን አሉዎት?»

ሐመልማል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «‹ልጄ አመጣልኝ›።»

«እርጅና አልነበረም» አለች ጥሩነሽ። «ደስታ ነው። የግርዱ ጫፍ ቀይ ነው፤ ሐሙስ ቦዩን ያቀላው ውሃም እንደዚሁ፤ በመጋዘኑ ያለው ዘርም እንደዚሁ። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘሩ ታጥቦም እንደሚገድል ሲወራ የሰማ አንድ ሰው አካፋውን ጥሎ ሮጧል። ወዴት እንደሮጠ ራሱ ይንገረን።»

ሁሉም ወደ በሩ ላለማየት ጣረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ኤልሳዕ ግን ከዚህ በላይ አልቻለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ሦስት ጊዜ አጠብኩት» አለ። «ውሃው ጥርት እስኪል። ከዚያ አድርቄ አስፈጨሁት። ከረጢት ተቀዶ የፈሰሰ ዘር ነው፣ ተጠርጎ የሚጣል። እሳቸው ራሳቸው ‹የሚጣል ነገር የለም፣ የሚያውቅበት ሰው ነው የጠፋው› ይሉኝ ነበር። ሰው ሁሉ ያመጣላቸዋል። እኔ ሁለት ዓመት በልቼ ባዶውን። ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልመልስ ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሲቀበሉኝ አለቀሱ። ከቤት የተላከልኝ ነው አልኳቸው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ስትመጣስ?»

«ወድቀው ነበር።»

«ሞተው?»

ኤልሳዕ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ይተነፍሱ ነበር።»

ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሐመልማል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ።

«ፈራሁ» አለ ልጁ። «ገደልካቸው ይሉኛል ብዬ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

ጥሩነሽ አጠገቡ ሄዳ ጎንበስ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ዱቄቱ ስህተት ነው፤ ይህን ለዳኛው እኔ ራሴ እነግርልሃለሁ። በሩን መዝጋትህ ግን ስህተት አይደለም፤ ጥፋት ነው። ይህች እናት ሕፃኗ እያለቀሰ ስትታሰር ዝም ማለትህም እንደዚያው። ለእነዚህ የምልልህ የለኝም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባዶውን ስትመልስላቸው አንድ ቀን ፊታቸው ተለውጦ ያውቃል?»

ራሱን ነቀነቀ። «አያውቅም። ‹ግባ፣ ትንሽ አረፍ በል› ነው የሚሉኝ። እኔ ነኝ አፍሬ የምሮጠው።»

ኮማንደር ዳልጮ ኮፍያቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ዓመለወርቅ ዞረው «ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እህቴ» አሏት። ይቅርታ የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷ አልጠበቀችውም። ወደ ጓዳ ገብታ ስሟ የተጻፈበትን ሳህን አመጣች፤ የአጥሚት እህሉን አየችው፤ «እኔ እኮ በዶሮ ተጣልቻት ነበር» አለችና ያኔ አለቀሰች። ኤልሳዕን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ አቶ ክብረት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይቆጣሉ ሲባል፣ የወደቀበትን የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ አስተካከሉለት።

ጥሩነሽ ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና ዳሞታ ተራራ ላይ ነበረች። ዘንቢሏን ገለጠች፤ ግማሽ ጎመን፣ ሦስት ያጎነቆለ ድንች፣ አንድ የደረቀ ዳቦ። ከዚህ አንድ ነገር ሠርታ ሳህኑን መሙላት ትችል ነበር። ቢላዋውን አንስታ ጎመኑን ልትከትፍ ስትል እጇ ቆመ። ቢላዋውን አስቀመጠችው። አበባ የተሳለበትን ሳህን አወረደች፣ አጠበችው፣ እንዲሁ ባዶውን ይዛ ግቢውን ተሻግራ አንኳኳች።

እትዬ ቦሼ በሩን ከፈቱ።

«እትዬ፣ የገናው ሳህንዎ ነው» አለች ጥሩነሽ። በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «ባዶውን ነው ያመጣሁት።»

አሮጊቷ ሳህኑን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት።

«ሳህኑን ማን ጠየቀሽ፣ ልጄ?» አሉ። «አርባ ቀን ሙሉ አንቺ ነሽ የጠፋሽብኝ። ግቢ፤ ብቻዬን ልበላ ነበር።»